ከባሕር ዳር ሆኖ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ለመሆን፦ ከማመልከቻ እስከ ዲፌንስ

ባሕር ዳር ውስጥ «ሳይኮሎጂ ነው የተመረቅሁት» ካላችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ይታወቃል። «እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?» ይባላል፣ ይሳቃል። ትንሽ ቆይቶ ሌላው ሰው ዞር ሲል ያው ጠያቂ ጠጋ ይላል። «የእህቴ ልጅ እንቅልፍ እምቢ ካላት ከረመ። አንድ ቀን ብታናግሩልኝ?»

ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ጥያቄ በቁም ነገር ለያዙ ሰዎች ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ስለ ሰው አእምሮና ባህርይ ያስተምራል። ሰው ማከም ግን አያስተምርም። እሱ የሚለመደው በድኅረ ምረቃ ነው፤ እዚያም ቢሆን ታካሚ ፊት ተቀምጣችሁ፣ ልምድ ያለው ሰው እያረማችሁ ካልሆነ አይለመድም። ስለዚህ ከታች ያለውን ስታነቡ አንድ ጥያቄ ከጎናችሁ አስቀምጡ፦ ስሠራ ማን ያየኛል? ፕሮግራም ስትመርጡም፣ ከተማ ለመቀየር ስታስቡም፣ ለዚህ ጥያቄ ያገኛችሁት መልስ ይወስን።

1. ዲግሪዎቹን ለዩ

ስማቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው እዚህ ይምታታበታል።

ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ምርመራ፣ የሥነ ልቦና ምዘናና የንግግር ሕክምና ነው። መድኃኒት አይታዘዝበትም። ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ደግሞ ይበልጥ ወደ ተማሪዎች፣ ወደ ትዳር፣ ወደ ሐዘንና ወደ ሥራ ምርጫ ያዘነብላል። ተመራቂዎቹ ትምህርት ቤትና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። ሦስተኛው «የተቀናጀ ክሊኒካዊና ማኅበረሰባዊ የአእምሮ ጤና» የሚባለው ማስተርስ ነው። ጅማና ጎንደር በዚህ ይታወቃሉ። በዋናነት የተዘጋጀው ከጤናው ዘርፍ ለሚመጡ፣ ለምሳሌ ለሳይካትሪ ነርሶች ነው። ሳይካትሪስት መሆን የሚፈልግ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም መሆን አለበት፤ ከሕክምና ዶክትሬት በኋላ በሬዚደንሲ (በስፔሻሊስት ሥልጠና) የሚገባበት ነው። በሳይኮሎጂ ዲግሪ ወደዚያ የሚያስገባ በር የለም።

ለያችኋቸው? እንግዲህ ወደ ፕሮግራሞቹ። ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው የመጀመሪያው አማራጭ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ነው። ቀጥሎ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ጎንደር፣ ከዚያ አዲስ አበባ። የትኛው ክፍል የትኛውን ማስተርስ እንደሚከፍት በየዓመቱ ይለያያል። አመልካች አነሰ ተብሎ የሚታጠፍም አለ። የዘንድሮን ማስታወቂያ እንጂ የአምናውን አትመኑ።

ማስታወቂያው የማይነግራችሁን ደግሞ ተማሪዎቹን ጠይቁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ሰው ፈልጉ። ቡና ጋብዙትና ይህን ጠይቁት፦ ተግባር ልምምድ የምትወጡት የት ነው? በሳምንት ስንት ቀን? ታካሚ ብቻህን ታያለህ ወይስ ሐኪሙ ሲያይ ቆመህ ትመለከታለህ? ያየኸውን የምታወራው ለማን ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ የሚሰጣችሁ መልስ ሳቅ ከሆነ ስሙ ምንም ያህል ቢያምር ፕሮግራሙ የንባብ ዲግሪ ነው። በእኔ አስተያየት ጥሩ ሱፐርቪዥን (ልምድ ያለው ሰው ሥራችሁን እያየ የሚያርምበት) ያለው የካውንስሊንግ ማስተርስ፣ ሱፐርቪዥን ከሌለው የክሊኒካል ማስተርስ ይበልጣል።

2. ወረቀት ቀድማችሁ ጨርሱ

አሰልቺ ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚቀረው በፈተና ሳይሆን በወረቀት ነው።

ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ወደምታመለክቱበት ሬጅስትራር በቀጥታ የሚላክ ነው። እጃችሁ ላይ ያለው ኮፒ አይተካውም። የተማራችሁት ሩቅ ከሆነ ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ። የኮስት ሼሪንግ ክፍያ ያልጨረሰ ሰው ኦሪጅናል ዲግሪውን ስለማያገኝ በቴምፖ (በጊዜያዊ ዲግሪ) ይንቀሳቀሳል። ቴምፖ የሚቀበሉም የማይቀበሉም ስላሉ አስቀድማችሁ አጣሩ። ከግል ኮሌጅ የተመረቃችሁ ማስረጃችሁን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ ሊጠበቅባችሁ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ የተመረቃችሁ የመውጫ ፈተና ውጤታችሁን ያዙ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ከሁለት መምህራን ይጠየቃል። መምህሩን «ዶክተር፣ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» ብላችሁ ብቻ አትተውት። የት እንደምታመለክቱ፣ ከእሱ ምን ኮርስ እንደወሰዳችሁና ምን እንደሠራችሁ በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ስጡት። መቶ ተማሪ ያስተማረ ሰው ሁሉንም አያስታውስም። እንዲህ ካላደረጋችሁ «ታታሪና ሥነ ሥርዓት ያለው ተማሪ ነበር» የሚል ደብዳቤ ይደርሳችኋል። እሱ ደግሞ ለማንም ይሆናል።

3. ፈተናው

ድኅረ ምረቃ ለመግባት ትምህርት ሚኒስቴር የሚያዘጋጀውን ብሔራዊ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ሰው በአጭሩ ጋት ይለዋል። የቋንቋ፣ የቁጥርና የአመክንዮ ጥያቄዎች ናቸው። ሳይኮሎጂ ተማሪዎችን በብዛት የሚጥለው የቁጥሩ ክፍል ነው፤ ብዙዎቻችን ሒሳብ ከሸሸን ቆይተናል። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብ መጻሕፍትን አውጡ። መቶኛ፣ ጥመርታ፣ አማካይ፣ ግራፍ ማንበብ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። የዩኒቨርሲቲው የራሱ ፈተና ካለ ደግሞ ከመጀመሪያ ዲግሪ ኮርሶች ሦስቱን ከልሱ፦ የባህርይ መታወክ፣ የሥነ ልቦና ምዘናና ስታቲስቲክስ።

4. የፍላጎት መግለጫና ቃለ መጠይቅ

«ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብላችሁ አትጀምሩ። ሁሉም የሚጀምረው እንዲህ ነው። መራጮቹ ማየት የሚፈልጉት ሥራው ምን እንደሚመስል ማወቃችሁን ነው። ከተፈናቃዮች ጋር ሠርታችሁ ከሆነ አንድ ቀን ምን ትሠሩ እንደነበር ጻፉ። ትምህርት ቤት ውስጥ ካላችሁ አንድ ተማሪ ምን ብሎ መጣ፣ ምን አደረጋችሁ፣ የቱ ጋ አቅማችሁ አለቀ? ያ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው ማመልከቻችሁን የሚሸከመው። ለምን ሥልጠና እንደሚያስፈልጋችሁ ያሳያል። ስም አትጥቀሱ፤ ቀበሌውንና ሥራውን ሳይቀር ቀይሩት።

ቃለ መጠይቁ ላይ «ታካሚህ ራሴን አጠፋለሁ ቢልህ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። «አጽናናዋለሁ» በቂ መልስ አይደለም። ከታች ስለ ልምምድ የጻፍኩትን አንብቡ።

5. ገንዘብና ጊዜ

ስፖንሰር ካላችሁ ውሉን አንብቡ። መሥሪያ ቤታችሁ ካስተማራችሁ በኋላ የአገልግሎት ግዴታ አለ። ስንት ዓመት ነው? ተመልሳችሁ የምትሠሩት በአዲሱ ሙያ ነው ወይስ በድሮው መደብ? ወረዳ ጽሕፈት ቤት የተቀመጠ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት የተማረውን ቶሎ ይረሳዋል።

በግላችሁ የምትከፍሉ ብዙ ጊዜ የቅዳሜና እሑድ ወይም የክረምት መርሐ ግብር ታያላችሁ። ለሌላ ትምህርት መልካም ነው። ለዚህ ግን ችግር አለበት፤ የሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል የሚሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ሥራ ላይ ያላችሁ ከሆነ ቢያንስ በሳምንት አንድ የሥራ ቀን የሚለቅ አለቃ እንዳላችሁ ሳታረጋግጡ አትመዝገቡ።

6. የመጀመሪያው ዓመት

ኮርሶቹ የትም ይቀራረባሉ። የአእምሮ ሕመሞች ጥናት፣ ምዘና፣ የሕክምና ስልቶች፣ የምርምር ዘዴና ስታቲስቲክስ። ሁለት የአእምሮ ሕመም መመደቢያ ሥርዓቶችን ጎን ለጎን ልመዱ። አንደኛው የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር መመሪያ ነው፤ አምስተኛው እትም በ2013 እ.ኤ.አ ወጥቶ በ2022 ተሻሽሏል። ሁለተኛው የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ነው፤ አሥራ አንደኛው እትም ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል።

መስፈርቶቹን እንደ ውዳሴ ማርያም ከመሸምደድ ጊዜያቸውን ያዙ። ለድባቴ ቢያንስ ሁለት ሳምንት። ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የሥነ ልቦና ቀውስ ለመባል ከአንድ ወር በላይ፤ ከዚያ በፊት ያለው ሌላ ስም አለው። «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለውን ጥያቄ የለመደ ተማሪ ግማሹን ምርመራ ተምሯል።

7. ልምምድ፦ የመጀመሪያው ታካሚ

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ያላቸው ሁለት ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች አሉ። ፈለገ ሕይወት ከተማው ውስጥ፣ ወደ ጣና ጠጋ ብሎ ነው። ጥበበ ጊዮን የዩኒቨርሲቲው ሲሆን በአዴት መንገድ ወጣ ብሎ ይገኛል። የጠዋት ወረፋው ረጅም ነው። የመጣው ሰው ደግሞ ብቻውን አይመጣም።

አንዲት እናት የ21 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ከደራ መጡ እንበል። ልጁ መሬት መሬት ያያል። እናትየው ገና ሳይቀመጡ ይጀምራሉ። «ዓይን ነው ልጄ። ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ አየው ሰው።»

መጀመሪያ እሳቸውን ስሙ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስጧቸው፤ ግን ሙሉ ጆሮ ይሁን። «እማማ፣ ለውጥ ያዩበት መቼ ነው? ከዚያ በፊት ምን ተፈጠረ? ይበላል? ይተኛል?» ስለ ዓይን አትከራከሩ። የመጣው ዓይን ይሁን ሌላ፣ ልጁ ከጥር ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄደም፣ ለብቻው ያወራል ወይም አያወራም፣ ይህ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ከዚያ ለዩዋቸው። «እማማ፣ አሁን ከእሱ ጋር ብቻችንን ትንሽ እናወራለን። ስንጨርስ እጠራዎታለሁ፤ ሳንነጋገር አይሄዱም።» የመጨረሻው ሐረግ የግድ ነው። እሱ ካልተባለ በሩ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። እኔም ብሆን አዳምጣለሁ።

ከልጁ ጋር ስትሆኑ ምስጢር መጠበቅን ከነገደቡ ንገሩት። «እዚህ የምትነግረኝ ከእኔና ከሚያስተምሩኝ ሰው አያልፍም። ራስህን ወይም ሌላ ሰው የመጉዳት ነገር ካለ ግን ዝም ብዬ አልይዘውም፤ ሊረዳ ለሚችል ሰው እንናገራለን።» ገደቡን መጀመሪያ ያልተናገረ ሰው ኋላ ቃሉን አፈረሰ ይባላል።

ቅሬታው ብዙ ጊዜ በሰውነት ነው የሚመጣው። ራሴን ይከፍለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ሆዴን ይነፋኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል። «ይህ የአካል ነው፣ የእኛ አይደለም» ብላችሁ አትለፉት። «ጭንቀት ነው» ብላችሁም አትቸኩሉ። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የሚጥል በሽታ ተመሳሳይ መልክ ሊይዙ ይችላሉ። ሐኪም አይቶት እንደሆነ ጠይቁ፤ ካላየው ይየው።

መጠይቅ ስትጠቀሙ ቀለል ባለው ጀምሩ። ለድባቴ የሚሠራበት ባለ 9 ጥያቄው መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ ኢትዮጵያ ውስጥ ተጠንቷል። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ27 ነው። ብዙ ቦታ 10ና ከዚያ በላይ ጠለቅ ብሎ መመርመርን ይጠይቃል። ምርመራ አይደለም፣ ማጣሪያ ነው። ማንበብ ለማይችል ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡለት። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» የሚለው በደንብ የማይያዝበት ሰው ይገጥማችኋል። «ካለፈው በፊት ከነበረው ቅዳሜ ገበያ ወዲህ» በሉት። ቶሎ ይገባዋል።

ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ነው። አዲስ ተማሪ እዚህ ሲደርስ ድምፁ ይቀንሳል፣ ወይም ይዘለዋል። አትዝለሉት። መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም፤ ይህ የታወቀ ነው። በደረጃ ሂዱ። «ሰው እንዲህ ሲጨንቀው ምነው ባልነጋ፣ ምነው በሞትኩ የሚልበት ጊዜ አለ። አንተስ ብለህ ታውቃለህ?» አዎ ካለ፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ይህንንም አዎ ካለ፦ እንዴት? መቼ? ከዚህ በፊት ሞክረህ ታውቃለህ? ገጠር ከሆነ «ቤት ውስጥ የእህል ወይም የተባይ መድኃኒት አለ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። ካለ ቤተሰቡ ዛሬውኑ ከቤት እንዲያወጣው ይደረግ። ሐሳቡ ከእቅድ ጋር ከሆነ ልጁን ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ቤት አትሸኙት፤ በዚያው ሰዓት ሱፐርቫይዘራችሁን ወይም ተረኛውን ሐኪም ጥሩ። ተማሪ ብቻውን የሚወስነው ነገር አይደለም።

ስለ መጠጥና ጫትም ጠይቁ፣ ሁሉንም ሰው። «ትጠጣለህ?» ካላችሁ «አልጠጣም» ይላችኋል። «ጠላ ስንት ጣሳ? አረቄስ?» በሉ። ለመጠጥ የሚሆን ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ አለ፤ ከ40 ተደምሮ 8ና ከዚያ በላይ ያሳስባል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው «ከነገ ጀምሮ አቁም» አይባልም። በድንገት ሲያቆም በቀናት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ መውደቅና መቃዠት ሊመጣበት ይችላል። ይህ ለሕይወት ያሰጋል፤ የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል። ጫትን ሳትጠይቁ ደግሞ እንቅልፍ ማጣትን አትመርምሩ።

መጨረሻ ላይ እናትየውን ጥሩ። ልጁ የፈቀደውን ብቻ ከእሱ ጋር ሆናችሁ ንገሯቸው። ቀጠሮውን በወረቀት ጻፉ። ከደራ የመጣ ሰው የትራንስፖርት ወጪ አለበት። «ከሳምንት በኋላ ተመለሱ» ከማለታችሁ በፊት መመለስ ይችሉ እንደሆነ ጠይቁ።

8. ታካሚው ከወጣ በኋላ

ወዲያው ጻፉ። ማታ ቤት ገብቼ እጽፋለሁ ያለ ሰው ማታ የሚጽፈው የራሱን ሐሳብ ነው። ለሱፐርቪዥን የምትወስዱት ማስታወሻ ንግግሩን የያዘ ይሁን፦ እሱ ምን አለ፣ እኔ ምን አልኩ፣ እኔ ስናገር ምን ተሰማኝ። አሥር ደቂቃ የሆነ ውይይት በዚህ መልክ ከተጻፈ ሁለት ገጽ ይሆናል። ይበቃል። ስም አይጻፍበት፣ ስልክ ላይ ፎቶ አይነሣ፣ በቴሌግራም አይላክ።

ቀጥሎ ጉዳዩን በአምስት ነገር አደራጁት። ለምሳሌ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለ የፔዳ ተማሪ፣ ከዳንግላ የመጣ፣ ፈተና ሲደርስ ልቡ የሚመታና ክፍል ጥሎ የሚወጣ (ከብዙ ሰው ተቀላቅሎ የተሠራ ምሳሌ ነው)። ያመጣው ችግር፦ ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃትና ከፈተና መሸሽ። አጋላጩ፦ የመጀመሪያው የቤቱ ዩኒቨርሲቲ ገቢ ነው፤ ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። ቀስቃሹ፦ በአንድ ኮርስ ኤፍ አመጣ። እንዲቆይ ያደረገው፦ ክፍሉን ጥሎ ሲወጣ ልቡ ይረጋል፣ ስለዚህ መውጣትን ለመደ። የሚደግፈው፦ የማኅበረ ቅዱሳን ጓደኞቹና በየሳምንቱ የምትደውል እህቱ።

ሕክምናው የሚገባው አራተኛው ላይ ነው። የድሮውን ታሪክ መለወጥ አትችሉም፤ መውጣቱን ግን ቀስ በቀስ ማስቀረት ትችላላችሁ። ብዙ ተማሪ ሁሉንም ሞልቶ ይመጣና «እንዲቆይ ያደረገው» የሚለው ሥር አንድ ቃል ብቻ ይጽፋል። ሱፐርቫይዘራችሁ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

9. ሱፐርቪዥንን እንዴት እንደምታገኙት

በወረቀት ላይ ሱፐርቫይዘር ይመደብላችኋል። በተግባር ደግሞ እሱ ሦስት ኮርስ ያስተምራል፣ ኮሚቴ አለበት፣ ታካሚም ያያል። ስለዚህ «ጊዜ ሲኖርዎት» አትበሉ። በሳምንት አንድ የታወቀ ሰዓት ጠይቁ፤ ለምሳሌ ሐሙስ ከምሳ በኋላ። በዚያ ሰዓት ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። አንድ ጉዳይ፣ አንድ ጥያቄ። «ይህን ታካሚ እንዴት ልርዳው?» ጥያቄ አይደለም። «ስለ አባቱ ስጠይቀው ሦስት ጊዜ ርዕስ ቀየረ። ልግፋ ወይስ ልተወው?» ይህ ጥያቄ ነው።

ማስታወሻውን አይቶ «ጥሩ ነው፣ ቀጥል» ብሎ የሚመልስ ሱፐርቫይዘር ከገጠማችሁ አብሯችሁ አንድ ታካሚ እንዲያይ ለምኑት። አንድ ጊዜ ብቻ። ሰው ሥራችሁን በዓይኑ ካየ በኋላ ዝም ማለት ይከብደዋል። በተረፈ ደግሞ ሦስት አራት የክፍል ጓደኞች ሆናችሁ በየሳምንቱ ተቀመጡ። እርስ በርስ መተራረም ሱፐርቪዥንን አይተካም፤ ግን ብቻ ከመሆን ይሻላል።

ለሱፐርቫይዘራችሁ ስለራሳችሁም ንገሩት። ካለፉት ዓመታት ጦርነት ወዲህ ክፍሉ ውስጥ የምትሰሙት ታሪክ እናንተም ቤት የደረሰ ሊሆን ይችላል። ታካሚው ሲናገር የእናንተ እንባ ከመጣ ነውር አይደለም። ደብቆ መቀጠል ግን ታካሚውን ይጎዳል።

10. ጸበልና ዱዓ

አንዳሳ ጊዮርጊስ ሄዶ ያልመጣ ታካሚ ብዙም አይገጥማችሁም። ሙስሊም ከሆነም ሩቅያ (ቁርኣን እየተቀራ የሚደረግ ፈውስ) አስደርጎ ይሆናል። ጠይቁ፣ ያለ ፈገግታና ያለ ንቀት። «ጸበል ሞክረሃል? ምን አገኘህበት?» አንዳንዱ እፎይታ አግኝቷል። «ጸበሉን ተወው» ያለ ባለሙያ ዘንድ ታካሚ ሁለተኛ አይመለስም።

የምትከታተሉት ሌላ ነገር ነው። እዚያ ሲሄድ የሐኪም ክኒኑን አቁሟል? በጾም ምክንያት መድኃኒት የሚወስድበት ሰዓት ተዛብቷል? እዚያ በሰንሰለት ታስሯል? ክኒኑን ይዞ እንዲሄድ፣ ከተቻለም ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ እንዲወስን አድርጉ። ካህኑ «መድኃኒትህን ውሰድ፣ እሱም የእግዚአብሔር ነው» ካለው የእናንተ የወር ሥራ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል።

11. ከተማው ትንሽ ነው

ባሕር ዳር ትልቅ ይመስላል እንጂ ለዚህ ሙያ ትንሽ ነው። ሰኞ ያናገራችኋትን ሴት እሑድ ቅዳሴ ላይ ወይም ማታ ሐይቁ ዳር ታገኟታላችሁ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩበት። «መንገድ ላይ ብንገናኝ እኔ ቀድሜ ሰላም አልልሽም። አንቺ ካልሽኝ ግን እመልሳለሁ።» እዚህ አገር አይቶ ሰላም አለማለት ንቀት ስለሆነ አስቀድሞ ካልተነገረ ትቀየማለች።

ዘመድና የቅርብ ጓደኛ አታክሙ። «እኔ ለዘመድ አልሆንም፤ ጥሩ ሰው ልጠቁምህ» በሉና በዚያው ጨርሱ። መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል። ኋላ ይረሱታል።

12. ጥናታዊ ጽሑፍ

«የድባቴ መጠንና ተያያዥ ምክንያቶች በእንትን ሆስፒታል» የሚል ርዕስ ሞልቷል። ቀላል ነው፣ ያስመርቃል። ግን ሁለት ዓመት ሕክምና ተምሮ መቁጠር ብቻ ያሳዝናል። ቢቻል ሕክምናውን የሚነካ ነገር ምረጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎችም እንዲሰጡት ብሎ ያዘጋጀው አምስት ክፍለ ጊዜ ያለው የችግር መፍቻ ሕክምና አለ። ጥቂት ታካሚዎችን ከሕክምና በፊት፣ በመሐልና በኋላ በተደጋጋሚ ለክቶ ለውጡን ማየትም በደንብ ከተሠራ ጥሩ ጥናት ነው።

የምትጠቀሙበት መጠይቅ በአማርኛ የተጠና ይሁን። ራሳችሁ ተርጉማችሁ «ጎግል አረጋገጠልኝ» አይሆንም። ፕሮፖዛላችሁ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይጸድቅ አንድ ሰው እንኳ አትጠይቁ። መረጃ ስትሰበስቡ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ከተገኘ ለማን እንደምትደውሉ በፕሮፖዛሉ ውስጥ ጻፉ፤ ኮሚቴውም ይጠይቃችኋል። ለስታቲስቲክስ የሚከፈልበት ሶፍትዌር አያስፈልጋችሁም። ጃሞቪ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ መብራትና ኔትወርክ ሲቆራረጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፋይላችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ዲፌንስ ላይ፣ ማለትም ጥናታችሁን ለፈታኞች ስታቀርቡ፣ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ስለ ናሙና ነው። ለምን እነዚህ ሰዎች? ለምን ይህን ያህል? በሁለት ዐረፍተ ነገር የምትመልሱትን አዘጋጁ።

13. የሰዓት መዝገብ

ይህን ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጀምሩት። አንድ ደብተር በቂ ነው። ቀን፣ የታካሚው ዕድሜና ጾታ (ስም የለም)፣ የሠራችሁት፣ ስንት ሰዓት፣ ሱፐርቪዥን ስንት ሰዓት፣ የሱፐርቫይዘር ፊርማ። ፊርማውን በየሳምንቱ አስፈርሙ። ተመርቃችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ሱፐርቫይዘሩ ለትምህርት ውጭ አገር ሄዶ ታገኙታላችሁ። ለዶክትሬትም ሆነ ውጭ ለመማር ስታመለክቱ በሱፐርቪዥን የተሠራ ሰዓት ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ከመመረቃችሁ በፊት ደብተሩን ወደ ክፍሉ ኃላፊ ውሰዱ፣ ማኅተም አስመቱበት፣ ስካን አድርጋችሁም ያዙ።